አህያው ዳማና የቀበሮዋ ዘዴ

አንድ ጊዜ ከአንድ ገደል ሥር፣ አፉ ወደ ምሥራቅ በሚያይ ሰፊ ዋሻ ውስጥ፣ አራዊቱም ከብቱም የሚገለገልበት የእጅ ሥራ ቤት ነበር። የቤቱ አለቃ ዳማ የሚባል አህያ ነው። ዳማ የወጣትነት ዘመኑን የጨረሰው ጨው ሲሸከም ነው። ጌቶቹ ሲጭኑት አንድም ቀን ተቆጥተውት አያውቁም፤ «ትንሽ ናት፣ መንገዱ ቅርብ ነው፣ ስትደርስ ለምለም ሣር አለ» ይሉት ነበር። ጭነቱ ግን ትንሽ፣ መንገዱም ቅርብ፣ ሣሩም ለምለም ሆኖ አያውቅም። ጀርባው ላይ የቀሩት ሦስት ጠባሳዎች የዚያን ጊዜ ናቸው። እንጨት መጥረብ ተምሮ ከጭነት ከወጣ በኋላም፣ ማንም በለሰለሰ ድምፅ ሲያናግረው ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ሳይል የዋለበት ቀን የለም።

ከእሱ ጋር አራት ሠራተኞች አሉ። ዝንጀሮ እንጨት ይቆርጣል፣ ይጠርባል። ግንደ ቆርቁር የተባለው ወፍ በመንቁሩ ቀዳዳ ይበሳል። ጃርት ከገዛ ጀርባዋ በነቀለችው ወስፌ ቆዳ ትሰፋለች። ጅብ ደግሞ ቆዳና ጠፍር የሚቀመጥበትን ጓዳ ይጠብቃል። ጅብን የቆዳ ጠባቂ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን በቤቱ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ እያንዳንዱ በሌላው ያሳብባል።

የዚህ ቤት ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። ዛሬ የበቅሎ ኮርቻ ይታዘዛል፣ ነገ የፍየል ቃጭል፣ ከነገ ወዲያ የገብስ መንሽ። የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም። ከአንድ ዓይነት ሦስት ከታዘዘ ብዙ ነው። ዳማ የመጣውን ትእዛዝ ሁሉ ይቀበላል፤ በተቀበለበትም ሰዓት ዝንጀሮ እንዲጀምረው ይሰጠዋል። ሁሉም ከጠዋት እስከ ማታ ወገቡን ሳያቀና ይሠራል። ዋሻው በተጀመረ ዕቃ ተሞልቶ ማለፊያ እስኪጠፋ ድረስ ተጨናንቋል። ያለቀ ዕቃ በደጅ ሲወጣ ግን እምብዛም አይታይም።

በመጋቢት ወር አንድ ቀን ወይኖ የሚባል በሬ መጣ። ወይኖ ለራሱና ለመንደሩ በሬዎች ዘጠኝ ቀንበር ያዘዘው በጥር ነበር።

«አያ ዳማ፣ ቀንበራችን ከምን ደረሰ?» አለ።

«እየተሠራ ነው።»

«በጥርም እየተሠራ ነው ብለኸኝ ነበር። በየካቲትም እንደዚያው አልከኝ። ዋሸህ አልልህም። ግን የሚሠራ ነገር አንድ ቀን ማለቅ የለበትም ወይ?»

ወይኖም ከዚያ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አንበሳ ሄደ።

አንበሳ ዳማን አስጠራው። «ዝናቡ ሰኔ ላይ ይገባል» አለው። «ግንቦት ሳያልቅ ዘጠኙ ቀንበር ካልወጣ ቤቱ ይዘጋል። ሁሉም ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል።»

«ቀድሞ ሥራው» የሚለውን ሲሰማ ዳማ የጀርባው ቆዳ ተኮማተረ።

«ብቻህን ግን አልተውህም» ብሎ ቀጠለ አንበሳ። «ቀበሮ ምስጦች ዘንድ ከርማ የሥራ ዘዴ ተምራ መጥታለች። እሷ ትረዳሃለች።»

ቀበሮ ከአንበሳው ኋላ ብቅ አለች። «አያ ዳማ፣ አይዞህ» አለች በለሰለሰ ድምፅ፤ «ትንሽ ነገር ናት።»

የዳማ ጆሮዎች ቆሙ።

ቀበሮ ዋሻው ውስጥ ገብታ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሥራ አልሠራችም። ጥግ ይዛ ተቀምጣ፣ በእጇ ረጅም የሣር ገመድ ይዛ፣ ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር ትቋጥራለች። ዳማ እንጨት እየለካ ልቡ ከገመዱ ጋር ነበር። ሲመታ ይስታል፣ ሲለካ ይሳሳታል። በመጨረሻ አላስችል ብሎት ሄደና ፊቷ ቆመ።

«እመት ቀበሮ፣ ምንድን ነው የምትቋጥሪው?»

«የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ጊዜ።»

«እዚህ ቤት የማይሠራ ማን አለ?»

«ማን አለ አላልሁም፤ ጊዜውን ነው ያልሁት» አለችና ሌላ ቋጠሮ ቋጠረች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጅብ ዳማን ከዋሻው አፍ ላይ ጠብቆ ወደ ጆሮው ተጠጋ። «ዳማ ወንድሜ፣ ይህች ቀበሮ ዛሬ የምትቋጥረው ነገ የሚባረረውን ነው። ደግሞም ከጓዳዬ አጠገብ ስትሽከረከር አይቻታለሁ። ቆዳ ቢጎድል በእኔ እንዳታሳብብ።»

ዳማ ቆዳ ጎደለ አላለም ነበር። ነገሩ ትንሽ ከነከነው። ያን ጊዜ ግን ዓይኑም ጥርጣሬውም ቀበሮዋ ላይ ስለነበር ነገሩን ሳይመረምር አሳለፈው።

በአራተኛው ቀን ቀበሮ ሁሉንም ሰበሰበች። «ምስጦች ኩይሳቸውን ሲሠሩ የተከመረ ጭቃ አታዩም» አለች። «አንዱ ያድቦለቡላል፣ ያቀብላል። ሌላው ይቀበላል፣ ያስቀምጣል። ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ መሬት የሚነካ ነገር የለም። እዚህ ግን የተጀመረው ሁሉ መሬት ላይ ተኝቷል። ከብክነት ሁሉ የከፋው፣ ሥራ ወረፋ ይዞ ሲተኛ ነው።»

ዳማ ነገሩ እውነት መሰለው። ያስፈራውም ይኸው ነው። ጨው ጫኞቹም የሚያታልሉት እውነት በሚመስል ነገር ነበር።

ቀበሮ ሠራተኞቹን በአንድ መስመር አሰለፈቻቸው። ዝንጀሮ መጀመሪያ፣ ግንደ ቆርቁር ቀጥሎ፣ ጃርት መጨረሻ። እሷ ከበሮ ይዛ ከፊታቸው ተቀመጠች። ከበሮው በተመታ ቁጥር እያንዳንዱ የያዘውን ለቀጣዩ እንዲያቀብል አዘዘች።

ከበሮው ተመታ። ዝንጀሮ መንሹን ለግንደ ቆርቁር አቀበለ። መንሽ ደግሞ ቀዳዳ የለውም። ግንደ ቆርቁር መንሹን ታቅፎ የሚቀጥለውን ምት ጠበቀ። ከዚያ ኮርቻ መጣ፤ ኮርቻ አሥራ አራት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ሦስተኛውን ሳይጨርስ ከበሮው ተመታ። ጃርት ግማሹ ብቻ የተበሳ ኮርቻ ተቀብላ ወስፌዋን የምታስገባበት አጥታ ተቀመጠች። ቃጭሉ ሲመጣ ቆዳ አያስፈልገውም፤ እሱንም ተቀብላ ዝም ብላ አየችው።

በሁለተኛው ቀን ግንደ ቆርቁር ከምቱ ለመድረስ ሲጣደፍ አንድ ቀንበር ከመሀሉ ሰነጠቀ። በሦስተኛው ቀን ከእግሩ ሥር የተከመረው እንጨት ተንዶ ቀበሮዋን ከነከበሮዋ ከተቀመጠችበት ገልብጦ ጣላት። ጃርት ተናድዳ እሾህዋ ሁሉ ቆመ። ዝንጀሮም «ምስጥ ካማረሽ ከምስጥ ጋር ኑሪ» ብሎ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

ዳማ በሆዱ ደስ አለው። ደስታው ግን አልቆየም። ቀበሮ አቧራዋን አራግፋ ስትነሣ አየ። ፊቷ ላይ ሐፍረት የለም፣ ቁጣም የለም። ገመዷን አንሥታ አንድ ቋጠሮ ቋጠረች። ይህ ሁሉ ቢበላሽ ምንም የማይጎድልባት ትመስላለች። ያ ነገር ከከበሮው ይልቅ አስጨነቀው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ዳማ ከዋሻው ውጭ ብቻውን ሣር ሲነጭ ግንደ ቆርቁር መጥቶ ከፊቱ ካለው ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። ግንደ ቆርቁር ብዙ የማይናገር ወፍ ነው።

«አያ ዳማ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ግን ሰምተህ ብቻ አትቀመጥ።»

«ንገረኝ።»

«ከትናንት በስቲያ አንበሳ በሚያርፍበት ዛፍ ላይ ነበርሁ። ቀበሮ ከሥር መጣች። ‹ቤቱ ከተዘጋ ዋሻው የማን ይሆናል?› አለችው። ‹ለደከምሽበት ላንቺ ይሁን› አላት።»

ዳማ ማኘኩን ተወ። «አውቄ ነበር» አለ። «ቤቱ ቢሠራ ምስጋናው የእሷ ነው፤ ቢፈርስ ዋሻው የእሷ ነው። በሁለት ቢላዋ ነው የምትበላው።»

«አዎን፣ አውቀህ ነበር» አለ ግንደ ቆርቁር። «ግን ያወቅኸው ምኑን ነው? ቀበሮ ተንኰለኛ መሆኗን ነው። እሱን ጥንቸልም ታውቃለች። ከእግሬ ሥር ለምን እንደሚከመር ግን ታውቃለህ? አሥር ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን መጥተህ አልጠየቅኸኝም።»

ይህን ብሎ በረረ። ዳማ ሣሩን ትቶ ቀበሮዋ ወዳለችበት ሄደ።

«ዋሻውን ጠይቀሻል» አላት።

ቀበሮ ልትክድ አልሞከረችም። «ጠይቄያለሁ። ጉድጓዴ በክረምት ጎርፍ ይገባበታል። ዋሻ የማይፈልግ ማን ነው?»

«እንግዲያስ የነገርሽን ሁሉ ውሸት ነው።»

«እሱን ፈልገህ አግኘው» አለችው። ገመዷን ከአንገቷ አውልቃ እግሩ ሥር አኖረችው። «ቋጠሮው ይኸውልህ። የተቀራረበው ቋጠሮ የተሠራበት ጊዜ ነው፤ የተራራቀው የተኛበት። አንዲት ውሸት ካገኘህ ለአንበሳ ንገረው፤ እኔም ዋሻውን እተወዋለሁ።»

ዳማ ገመዱን አየ። የተቀራረቡት ቋጠሮዎች ጥቂት ናቸው። የቀረው ገመድ ባዶ ነው። አላመነም። የቀበሮ ቋጠሮ ነውና ማመንም አልነበረበትም። ስለዚህ ራሱ ሊያየው ቈረጠ።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ዝንጀሮ አዲስ ቀንበር ጠርቦ ሲጨርስ ዳማ ጀርባውን አዙሮ ቆመ። «እዚህ ላይ ጫንልኝ» አለው።

ዝንጀሮ ደነገጠ። ዳማ ከጭነት ከወጣ ወዲህ ጀርባውን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም።

«ጫን ብዬሃለሁ። ይህ ቀንበር እስኪያልቅ ድረስ ቀን ቀን ከጀርባዬ አይወርድም። እሱ ሲሄድ እሄዳለሁ፣ እሱ ሲቆም እቆማለሁ።»

ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ ግንደ ቆርቁር ሄደ። ከፊቱ ክምር አለ። በተራው ቆመ። ሰኞ ዋለ፣ አልደረሰውም። ማታ አውርዶ ተኛና ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ተሸክሞ ቆመ። ቀንበሩ መጀመሪያ ቀላል ነበር፤ ረቡዕ ላይ የድሮው ጠባሳ ማሳከክ ጀመረ። እግሩ ዛለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ዕቃው በራሱ የሚተኛ ይመስለው ነበር። ለካ ሲተኛ የሚሸከመው ሌላ ነው። ወይኖ ከጥር ጀምሮ ሲሸከመው ከርሟል።

ሥራ ፈትቶ ስለቆመም ሥራ በዝቶበት ያላየውን ማየት ጀመረ። ግንደ ቆርቁር መንቁሩን ከማሳረፉ በፊት ክምሩን ያገላብጣል፤ የትኛው እንደሚቀድም የሚነግረው የለም። ካገኘ በኋላ «ይህ ስንት ቀዳዳ ነው? የት ላይ ነው?» ብሎ ወደ ዝንጀሮ ይበርራል። ዝንጀሮ ረስቶታል፤ ያስባል። ከዚያ ተመልሶ ይለካል። ከሰዓቱ የሚበሳበት ጥቂት ነው፤ የቀረው ፍለጋ ነው። ዝንጀሮ ደግሞ ግንደ ቆርቁር እንደተጨናነቀ እያየ አዲስ እየጠረበ ከላይ ይጨምርበታል፤ እጁን አጥፎ መታየት እንደ ነውር ስለሚቆጥረው ነው። ብዙ በተጀመረ ቁጥር ፍለጋው ይበዛል። ፍለጋው በበዛ ቁጥር የሚያልቀው ያንሳል።

ሐሙስ ቀትር ላይ ተራው ደረሰው። የበሬውን አንገት የሚይዘው ማነቂያ የሚገባባቸውን አራት ቀዳዳዎች ግንደ ቆርቁር የበሳው አንዲት እሸት ጠብሶ እስኪበላ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። ለዚህች ለአንዲት እሸት ጊዜ ዳማ አራት ቀን ቆሟል።

ከዚያ ጃርት ዘንድ ሄደ። ጃርት ሥራ ፈት ተቀምጣለች።

«ጠፍሩን አስሪልኝ» አላት።

«ጅብ ጠፍር የለም ብሎኛል። ከቆዳ ፋቂው አልመጣም አለኝ።»

ዳማ ከፋቂው የመጣውን ጠፍር ባለፈው ሳምንት በዓይኑ አይቷል። አሁን ግን የያዘውን ነገር ሳይጨርስ ሌላ መጀመር አልፈለገም። ቀንበሩን ከጃርት አጠገብ አውርዶ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት የዋሻው ግድግዳ ላይ ስምንት የእንጨት ማንጠልጠያ ቸከለ። ስምንት ትንንሽ እንጨትም ፈለጠ። ሠራተኞቹን ሰበሰበና እንዲህ አላቸው። «ቀዳዳ የሚያስፈልገው ትእዛዝ ሁሉ የባለቤቱ ምልክት ያለበት አንድ እንጨት እዚህ ይሰቀልለታል። ስምንቱ ከሞላ አዲስ አይጀመርም። አንዱ አልቆ ከደጅ ሲወጣ ብቻ ሌላ ይገባል። በግራ ያለው ይቀድማል። መንሽና ቀዳዳ የሌለው ሥራ ሁሉ በሌላው ወገን ያልፋል እንጂ እዚህ ወረፋ አይዝም።»

«ስምንቱ ሲሞላ እኔ እጄን አጥፌ ልቀመጥ ነው?» አለ ዝንጀሮ።

«አትቀመጥም። ቀዳዳው የት የት እንደሚሆን በከሰል ምልክት ታደርግለታለህ። ከዚያም የሚቀጥለውን ታነሣለታለህ። እሱ መብሳት ብቻ ይብሳ።»

ዝንጀሮ ዳማን ከላይ እስከ ታች አየው። «ይህ ነገር የቀበሮ ነው። ከአፍህ ወጣ እንጂ ነገሩ የእሷ ነው። እንዲህ አድርጋ ልታስወጣን ነው።»

«ልትጠረጥር ይገባሃል» አለው ዳማ። «እኔም ጠርጥሬ ነው አራት ቀን የቆምሁት። አንተም አሥር ቀን እየጠረጠርህ ሞክረው።»

የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ለዳማ የጭንቅ ነበሩ። ተራው ያልደረሰው ሁሉ ከዋሻው ወጥቶ በጥላ ሥር ስለቆየ ውስጡ ባዶ ሆነ። ባዶ ቤት የሚሠራ ቤት አይመስልም። አንበሳ ድንገት ቢመጣ ምን ሊል ነው? ዳማ ሣር እየተወ ማንጠልጠያዎቹን ይቆጥራል፣ ቆጥሮ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቆጥራል። ቀበሮ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

በአራተኛው ቀን አንድ ቀንበር ጠፍሩ ብቻ ቀርቶት ቆመ። በዚያው ዕለት ሌላ ተጨመረ። አሁን ዕቃ የሚቆመው በጃርት በኩል ብቻ ነው፤ ዋሻው ባዶ ስለሆነም ሁሉም ያየዋል። ዳማም ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሚያስፈልገው ቆዳና ጠፍር ከጓዳ ወጥቶ ከምልክቱ አጠገብ እንዲሰቀል አዘዘ።

ጅብ ተቃወመ። «ቆዳን ፀሐይ ይጎዳዋል።»

«ፀሐይ እዚህ ግድግዳ አይደርስም።»

«ነፋስም ይጎዳዋል።»

«ለሁለት ቀን ነው የሚሰቀለው» አለና ዳማ ራሱ አውጥቶ ሰቀለው።

በማግስቱ ጠዋት የበቅሎዋ ኮርቻ ምልክት ብቻውን ተንጠልጥሎ ተገኘ። ከአጠገቡ ቆዳ የለም። ድሮ ቢሆን ጓዳ ውስጥ ከነበረው ክምር አንድ ቢጎድል ማን ያውቃል? አሁን ግን ክፍተቱ እንደወለቀ ጥርስ ከሩቅ ይታያል። ሁሉም ተሰበሰቡ።

«ማን ወሰደው?» አለ ዳማ።

ጅብ ከሁሉ ቀድሞ መለሰ። «ቀበሮ ናታ። አስቀድሜ ነግሬህ ነበር። ያንን የበቅሎዋን ኮርቻ ቆዳ፣ ጠርዙ ላይ ጨው የበዛበትን፣ ለጥርስ እንኳ እምቢ የሚለውን።»

ሁሉም ወደ ጅብ ዞሩ።

«ለጥርስ እምቢ እንደሚል በምን አወቅህ?» አለች ጃርት።

ጅብ አሰበ። «ሲታኘክ አይቻለሁ።»

«ማን ሲያኝከው?»

ጅብ ደግሞ አሰበ። ለማሰብ ጊዜ ቢሰጡትም አልጠቀመውም። «እኔ» አለ።

ከፋቂው አልመጣም የተባለው ጠፍር ሁሉ የት እንደገባ በዚያች ቃል ታወቀ። ዳማ ጅብን ከጓዳው አስወጥቶ ከጫካ ግንድ እንዲጎትት መደበው፤ ግንድ አይበላምና። የጓዳው መዝጊያም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነቅሎ ተጣለ።

ያን ዕለት ዳማ ቀበሮዋ ወደተቀመጠችበት ጥግ ሄደ። «እመት ቀበሮ፣ በቆዳው ነገር ጠርጥሬሽ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«በዋሻው ነገርስ?»

«በእሱ አሁንም እጠረጥርሻለሁ።»

ቀበሮ ሳቀች። «እንዲያ ነው የሚሻለው» አለችው።

ዘጠነኛው ቀንበር ግንቦት ሃያ ሰባት ቀን ከዋሻው ወጣ። ወይኖና ጓደኞቹ መጥተው ቀንበሮቹን አንድ በአንድ አንገታቸው ላይ እየለኩ ወሰዱ። ወይኖ ምስጋና አላበዛም። ጠፍሩን ጎተተ፣ ማነቂያውን ነቀነቀ፣ ከዚያም «ይህ ያርሳል» ብሎ ሄደ። ለዳማ ከዚህ የበለጠ ቃል አላስፈለገውም።

አንበሳም ሰምቶ መጣ። ቀበሮ ከፊት ቀድማ እየሰገደች ተቀበለችው። «ጌታዬ፣ ዘዴዬ እንዴት እንደሠራ በዓይንዎ ይዩ።»

አንበሳ ወደ ዳማ ዞረ። «እውነት ነው?»

ዝንጀሮና ጃርት ዳማን አዩት። አንድ ቃል ቢናገር ቀበሮዋ ተዋርዳ ትወጣለች። ዳማም ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ግን ለአራት ቀን የተሸከመው ቀንበር ያሳየው ነገር አለና ሊዋሽበት አልፈለገም።

«ግማሹ እውነት ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ሥራ ወረፋ ይዞ ሲተኛ ከሁሉ የከፋ ብክነት ነው ያለችው እሷ ናት። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ እየረገጥሁት አላየሁትም። ከበሮዋ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ለሚሠሩት ለምስጦች ነው። እኛ ዘንድ አንዱ አራት ቀዳዳ ይፈልጋል፣ አንዱ አሥራ አራት፣ አንዱ ምንም።»

አንበሳ ማንጠልጠያዎቹን ቆጠረና ቀበሮዋን ጠየቃት። «ስምንት የሆኑት ለምንድን ነው?»

ቀበሮ ገመዷን ዳማ እግር ሥር ካኖረች ወዲህ የቋጠረችው የለም። «ስምንት መልካም ቁጥር ነው፣ ጌታዬ» አለች።

«በቀን የአራት ትእዛዝ ቀዳዳ ስለምበሳ ነው» አለ ግንደ ቆርቁር ከላይ ሆኖ። «ስምንቱ የሁለት ቀን ሥራዬ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ መፈለግ እጀምራለሁ።»

አንበሳ ራሱን ነቀነቀ። «ዋሻው የሚሠሩበትን ከነሥራቸው ለሚያውቀው ይሁን» ብሎ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ቀበሮ አላኮረፈችም። በዚያው ሳምንት ከአንድ ሳንቃ ላይ ስምንት ማንጠልጠያ አስቸክላ ተሸክማ ልትወጣ ስትል ዳማ ከደጅ አገኛት።

«ወዴት ነው?»

«ጉሬዛዎች ሰሌን ወደሚሠሩበት ቤት። የእነሱም ሥራ ይዘገያል አሉ። ስምንት ማንጠልጠያ እሰቅልላቸዋለሁ።»

«እዚያ ቤት ሥራው የሚከመረው ማን ፊት ነው?»

«አልጠየቅሁም» አለች ቀበሮ፤ መንገዷንም ቀጠለች።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የትእዛዙ ዓይነት ተለወጠ። ቀንበር የሚፈልግ ጠፋ፤ ገበያ ተከፍቷልና በቅሎዎችና ግመሎች ኮርቻ፣ ስልቻና የጭነት ጠፍር በብዛት ያዝዙ ጀመር። ግንደ ቆርቁር ፊት አንድም ክምር የለም፤ ሥራው የሚበዛው አሁን ጃርት ዘንድ ነው። ማንጠልጠያዎቹ እንደወትሮው ስምንት ናቸው፤ ሁሉም ደንቡን ይጠብቃል። ዳማ ግን አንድ ጠዋት ያልተሰፋ ስልቻ ጀርባው ላይ አስጭኖ በጃርት በኩል ወረፋ ሲይዝ ተገኘ።

ግንደ ቆርቁር ከቅርንጫፉ ሆኖ አየው። «አያ ዳማ፣ ዘዴው እየሠራ አይደለም እንዴ?»

«እየሠራ ነው» አለ ዳማ፣ ጆሮዎቹን አቁሞ። «ስለዚህ ነው የጠረጠርሁት።»

እስከ ሐሙስም እዚያው ቆመ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥርጣሬ የሚጠቅመው ጥግ ይዞ ሌላውን ለማማት ሳይሆን ተነሥቶ የገዛ ቤትን ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለመመርመር ሲውል መሆኑን፣ ከሌላ ቤት የመጣ ዘዴም በራስ ቤት ልክ ካልተሰፋ ሸክም እንጂ ልብስ እንደማይሆን ነው።